ዱቄት ብደባልቅም መስቀሌ ዐይን አወጣ፤ ምን አጠፋሁ?

የፒያሳው_ነሐስ
ማክሰኞ፣ ማታ 3:20

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ነገሩ ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ፒያሳ፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ ላይ ጠባብ ክፍል አለችኝ። ከታች ወርቅ ቤት አለ፤ እኔ ከላይ ፕሪንተር ታቅፌ እውላለሁ። ፕሪንተሩ ፕላስቲክ የሚያቀልጠው ዓይነት አይደለም፣ ራሴ የገጣጠምኩት ነው። የነሐስ ዱቄት በስሱ ይነጠፋል። ከድሮ ኢንክጄት የፈታሁት ራስ መስቀሉ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ብቻ ማጣበቂያ ይረጫል። እንደገና ይነጠፋል፣ እንደገና ይረጫል። ሲያልቅ ከዱቄቱ ውስጥ እንደ ብስኩት የሚፈረፈር መስቀል ቆፍሬ አወጣለሁ። ማጣበቂያውን በትንሽ እሳት አቃጥዬ ካስወገድኩ በኋላ፣ በከሰል ዱቄት ቀብሬ 830 ዲግሪ ላይ ሦስት ሰዓት አቆየዋለሁ። ሳይቀልጥ ቅንጣቶቹ ይያያዛሉ። ሲንተሪንግ የሚሉት ነው።

እስከ ባለፈው ወር ደስተኛ ነበርኩ። አንዲት እናት ለልጇ ክርስትና የአንገት መስቀል አዘዘችኝ። ሠራሁ፣ ወርቅ ቅብ የሚሠራ ሰው ጋ ወስጄ አስቀባሁ፣ አስረከብኩ። በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። ምንም አልተናገረችም። ከቦርሳዋ በሶፍት የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ሶፍቱ አረንጓዴ ሆኗል። ወርቁ ሥር ነጠብጣብ ነጠብጣብ ወጥቶበታል። ገንዘቧን መለስኩላት፣ አሁንም ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ቅብ የሠራው ሰውዬ ጋ ሮጥኩ። «ይሄኮ ነሐስ አይደለም፣ ስፖንጅ ነው። ኬሚካሌን ጠጥቶ ወጣ፣ አሁን እየተፋው ነው» አለኝ። ተናድጄ ወጣሁ። ክፍሌ ገብቼ ሌላ መስቀል በመጋዝ ቆርጬ፣ ከታች ወርቅ ቤት አጉሊ መነጽር ተውሼ አየሁት። ሰውዬው ልክ ነው። ውስጡ እንደ እንጀራ ዐይን ዐይን ነው።

ዱቄቴ 60 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺህኛ ክፍል) ነው፣ 90 በመቶ መዳብ 10 በመቶ ቆርቆሮ፣ ክብ ክብ ቅንጣት። አንድ ጓደኛዬ «ደቃቅ ዱቄት ቀላቅልበት፣ ክፍተቱን ይሞላልሃል» አለኝ። 8 ማይክሮን አስመጣሁ፣ ዋጋውን አትጠይቁኝ። ግማሽ በግማሽ ቀላቀልኩ። ሮለሩ ሲያልፍበት ንጣፉ ተጨማደደ፣ እንደ ሊጥ ተለጠፈ። እንደ ምንም አትሜ ወደ ምድጃ ያስገባሁት ደግሞ የመስቀሉ ክንዶች ሥር ተሰነጣጥቆ ወጣ።

እና ጥያቄዬ፦ መደባለቁ ራሱ ውሸት ነው ወይስ እኔ ነኝ ያበላሸሁት? ስንት በስንት ነው የሚደባለቀው?

ሰም_አፍሳሽ
ማክሰኞ፣ ማታ 4:05

አንተ ልጅ፣ በሰም ቅረጸው፣ ጭቃ አልብሰው፣ ሰሙን አቅልጠህ አውጣ፣ ነሐሱን አፍስስ። የመጾር መስቀል በዚህ መንገድ ሲሠራ ስንት ዘመን ሆነው። ኢንክጄት ምን ቤት ነው?

የፒያሳው_ነሐስ
ማክሰኞ፣ ማታ 4:11

ጋሼ፣ ቢሉኝም አይቆጨኝ። ግን ደንበኞቼ የሚፈልጉት ሐረግ ውስጥ ለውስጥ የተጠላለፈ፣ ሰም ላይ ለመቅረጽ እጅ የማይገባበት ነው። እያንዳንዱም የተለየ።

ባለምድጃዋ
ረቡዕ፣ ጠዋት 1:40

ጋሼ ሰም አፍሳሽ እውነታቸውን ነው፣ ለአብዛኛው መስቀል ማፍሰስ ይሻላል። ልጁ የጠየቀው ግን ሌላ ነው።

እኔ አምስት ኪሎ ተምሬ፣ ከዚያ ስድስት ዓመት ውጭ አገር የብረት ዱቄት ቤተ ሙከራ ውስጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ያንተን ዓይነት ማሽን ዛሬ «ባይንደር ጄቲንግ» ይሉታል። የመጀመሪያ ስሙ ግን ራሱ «ስሪ ዲ ፕሪንቲንግ» ነበር፤ ኤማኑኤል ሳክስና ባልደረቦቹ ኤምአይቲ ውስጥ 1989 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት የጠየቁበት፣ 1993 የተሰጣቸው። ዛሬ ሁሉም የሚጠራበትን ስም የወሰደው የዱቄቱ ማሽን ነበር ማለት ነው። ይሄ ለጨዋታ ያህል ነው።

አሁን ኩሽና ግባ። ጣሳ ውሰድ፣ ሽንብራ እስከ አፉ ሙላ፣ መታ መታ አድርገው። ሞልቷል? አልሞላም። ከላይ ጤፍ ቀስ እያልክ አፍስስበት። ጣሳው ሳይትረፈረፍ የይዘቱን አንድ ሦስተኛ ያህል ጤፍ ይውጣል። እኔ ተማሪዎቼን የማስጀምረው በዚህ ነው፣ እናቴ እህሌን አበላሸሽ ብላ አንድ ቀን አባርራኛለች።

ጓደኛህ የነገረህ ይህን ነው። አንድ ዓይነት መጠን ያላቸው ክብ ነገሮች፣ በዘፈቀደ ቢጠቀጠቁ፣ ከቦታው 64 በመቶ ግድም ይይዛሉ፣ ከዚያ አያልፉም። የቀረው አየር ነው። አየሩ ውስጥ የሚሾልክ ትንሽ ነገር ከጨመርክ ይሻሻላል። ትንሹ ከትልቁ ሰባት እጥፍ ያህል ማነስ አለበት፤ ሽንብራና ጤፍ በግርድፉ እንደዚያ ናቸው፣ ያንተ 60 እና 8ም እንደዚያ ናቸው። መጠኑ ደግሞ 70 ለ30 አካባቢ ነው፣ ትልቁ 70። ሁለቱም አንድ ዓይነት ነሐስ ስለሆኑ በሚዛን ብትለካው ያው ነው። ግማሽ በግማሽ ስትለው ጤፉ ክፍተት መሙላቱን ትቶ ሽንብራውን ገፍቶ አራራቀው። የመጀመሪያው ስህተትህ ይህ ነው።

ማክጊሪ የሚባል ሰው 1961 ላይ የብረት ኳሶችን እያንቀጠቀጠ ለክቶታል። አንድ መጠን ብቻ 62.5 በመቶ፣ አራት መጠን በተራ በተራ ሲጨመር 95.1 በመቶ። ሲያነቡት ልብ ያማልላል። እኔም ተማልዬ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ሦስት መጠን ዱቄት ስመዝን፣ ስቀላቅል፣ ስነፋ ቆየሁ። ጣሳ ውስጥ አንደኛ ሆነልኝ። ማሽኑ ላይ ግን አልሆነም። ማሽኑ ዱቄቱን ሲያጓጉዝ ይነቀንቀዋል፣ ደቃቁም በትልልቆቹ መሐል ሾልኮ ወደ ታች ይሰርጋል። ሽንብራና ጤፍ የቀላቀልክበትን ጣሳ ብትነቀንቀው ጤፉ የት እንደሚገኝ ታውቃለህ። በዚያ ላይ ከ20 ማይክሮን በታች የሆነ ዱቄት መፍሰስ አይወድም። እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ልም ዱቄት ወንፊት ላይ እንደሚንጠለጠለው። ሮለርህ ላይ የተለጠፈው ለዚህ ነው።

ይሄ ሁሉ ግን ገና ንጣፉ ነው። ያበሳጨኝ ጉዳይ ምድጃው ነው፣ እዚህ ላይ ቀስ ብለህ አንብበኝ።

ደቃቅ ዱቄት በሙቀት ቶሎ ይያያዛል፣ ቶሎም ይኮማተራል። ትልቁ ሰነፍ ነው። ሄሪንግ 1950 ላይ ባወጣው ስሌት፣ አተሞቹ በቅንጣቱ ውስጥ ለውስጥ እየተጓዙ የሚያያዙ ከሆነ፣ ቅንጣቱ በአስር እጥፍ ሲያድግ ያንኑ ያህል ለመያያዝ የሚፈጀው ጊዜ ሺህ እጥፍ ይሆናል። ያንተ 8 ማይክሮን በደቂቃ የሚጨርሰውን 60ው በሰዓታት አይጨርሰውም። አሁን ሁለቱን ቀላቅለህ ምድጃ ስታስገባ ምን ይሆናል? ደቃቁ መኮማተር ይፈልጋል፣ ትልቁ አልነቃነቅም ይላል። ድንጋይ ያለበት ጭቃ ግድግዳ ላይ ሲደርቅ አይተሃል? ስንጥቁ ከድንጋዩ ዙሪያ ነው የሚጀምረው። የመስቀልህ ክንዶች ሥር የተሰነጠቁት በዚህ ነው፤ እዚያ ጋ ወፍራሙና ቀጭኑ ይጎታተታሉ።

ስለዚህ መደባለቁ ውሸት አይደለም። የሚሰጥህን ነገር ግን በስሙ ጥራው። የሚሰጥህ መኮማተርን መቀነስ ነው። 55 በመቶ ከሆነ ንጣፍ ተነስተህ 95 በመቶ ብትደርስ መስቀሉ በየአቅጣጫው ወደ 17 በመቶ ያንሳል፤ የ40 ሚሊ ሜትሩ 33 ይሆናል። ከ65 ብትነሳ 12 በመቶ ብቻ ነው። ልኬት ለሚጨነቅ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። መጨረሻ ላይ ድፍን መሆኑን ግን አያረጋግጥልህም። ብዙ ጊዜ ደቃቁ ብቻውን ቢሆን ኖሮ የተሻለ ድፍን ይወጣ ነበር።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። ምን ያህል ድፍን ነው የምትፈልገው? መቶ በመቶ አትበለኝ። ያንተ ችግር ኬሚካል መጠጣቱ ነው። ክፍተቶቹ ከውጭ ጋር የሚገናኙ ከሆነ ይጠጣል፣ ተዘግተው የቀሩ አረፋዎች ከሆኑ አይጠጣም። መተላለፊያዎቹ የሚደፈኑት ከ92 በመቶ ከፍ ሲል ነው። ስለዚህ ግብህ 94፣ 95 ነው። ከዚያ ወዲያ ለአንገት መስቀል ትርፍ ድካም ነው።

መጀመሪያ ያለህበትን እወቅ። ከታች ወርቅ ቤት አለ ብለሃል፤ ሚዛናቸው እስከ 0.01 ግራም ያነባል። መስቀሉን ደረቅ መዝን። ከዚያ ውሃ ውስጥ ሁለት ሦስት ሰዓት አፍላው፣ እዚያው ውሃው ውስጥ ይቀዝቅዝ። (አዲስ አበባ ውሃ 92 ዲግሪ ግድም ላይ ስለሚፈላ አይገርምህ፣ ከፍታው ነው፤ አየሩን ለማስወጣት ይበቃል።) በክር አንጠልጥለህ ውሃ ውስጥ እንዳለ መዝን። አውጥተህ ላዩን ብቻ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገህ እንደገና መዝን። ከእርጥቡ የተንጠለጠለውን ቀንስ፤ ይዘቱን ታገኛለህ። ደረቁን ለይዘቱ አካፍል፣ እፍግታው ያ ነው። ድፍን ነሐስህ በኩብ ሴንቲ ሜትር 8.8 ግራም ነው፣ ከእሱ ጋር አነጻጽር። እርጥቡ ከደረቁ የበለጠው ደግሞ የጠጣው ውሃ ነው፣ ያስጠቃህ እሱ ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር፣ ከዚያ ክፍል አለኝ።

አንደኛ፣ ነጋዴ «መዳብና ቆርቆሮ ለየብቻ ግዛ፣ ቀላቅለህ ጥበሰው፣ ይረክሳል» ቢልህ እሺ አትበል። ቆርቆሮ 232 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ቀልጦ ወደ መዳቡ ይሰርግና የነበረበትን ቦታ ባዶ ጥሎ ይሄዳል። ይህንን ሆን ብለው የሚሠሩት አሉ፦ ዘይት ጠጥታ ራሷን የምታለሰልስ ብሮንዚና (የማሽን ዘንግ የሚሽከረከርባት ቀለበት) የምትሠራው እንዲህ ነው። እዚያ ቀዳዳው ተፈልጎ ነው። ላንተ ግን መከራ ነው።

ሁለተኛ፣ 8 ማይክሮን ሳንባ ይገባል። በስካርፍ አፍህን ሸፍነህ ነው የምትሠራው ብዬ እገምታለሁ። ኤን 95 የሚባለውን ጭንብል ግዛ። መጥረጊያም አታንሳ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረግ።

ሲቪል_ነኝ
ረቡዕ፣ ቀን 7:15

ኮንክሪት ላይ ይሄ የቀን ተቀን ሥራችን ነው። ጠጠር 02፣ 01፣ አሸዋ፣ ሲሚንቶ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም እህቴ፤ እኛ ቫይብሬተር ከተን እናጠጋጋዋለን። ፕሪንተሩን ለምን በቫይብሬተር አይነቀንቀውም?

ባለምድጃዋ
ረቡዕ፣ ቀን 9:50

ኮንክሪትህን እርጥቡ ይይዘዋል። እሱም ቢሆን ቫይብሬተር ሲበዛበት ጠጠሩ ታች ወርዶ ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ አይተሃል። ደረቅ ዱቄት ላይ መለያየቱ ይብሳል። ከሥር ደግሞ ገና ያልደረቀ ማጣበቂያ የያዙ ንጣፎች አሉ፣ ስትነቀንቀው የታተመው ይንሸራተታል። በሮለር ረገጥ ማድረግ ይቻላል፣ በጣም በስሱ።

የፒያሳው_ነሐስ
ረቡዕ፣ ማታ 2:30

እርስዎ እግዜር ይስጥልኝ። ስካርፉን እንዴት አወቁ?

ሚዛኑን ዛሬውኑ አደረግሁት። የወርቅ ቤቱ ልጅ «መስቀል እየቀቀልክ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ደረቁ 14.20፣ ተንጠልጥሎ 12.57፣ እርጥቡ 14.64። ስለዚህ ይዘቱ 2.07፣ እፍግታው 6.86። 78 በመቶ! ከቀረው 22 ውስጥ 21 ያህሉ ውሃ ጠጥቷል። የተዘጋ ቀዳዳ የለውም ማለት ይቻላል። ሰውዬውን ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ።

አሁን ምን ልግዛ?

ባለምድጃዋ
ረቡዕ፣ ማታ 2:55

አንቱታውን ተወው፣ ገና አላረጀሁም፤ ያረጀሁት ቤተ ሙከራ ውስጥ ብቻ ነው።

እንደ እኔ ሁለት መንገድ ሞክር። አንዱ ድብልቅ፣ 75 ለ25፣ 60ውና 8ቱ። ከ30ው ዝቅ ያልኩት ሮለርህ እንዲተርፍ ነው። በተዘጋ ማሰሮ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት አንከባልለው፣ ከዚያ ብዙ አታነቃንቀው። ሌላው ደባልቆ መከራን ትቶ አንድ ዓይነት 20 ማይክሮን ዱቄት። እሱ ለመፍሰስ ያቅማማል ግን እምቢ አይልም፣ በምድጃውም ሰነፍ አይደለም። ለእሱ ንጣፍህን ወደ 60 ማይክሮን አውርድ። ምድጃውን በጥቂቱ ከፍ አድርግ፣ 845 አካባቢ ይህ ነሐስ ጫፍ ጫፉ ላይ ላብ ላብ ማለት ይጀምራል፤ ትንሽ ፈሳሽ ሲወጣ ቶሎ ይጠጋጋል። አምስት ዲግሪ ብታልፍ ግን መስቀልህ ይንጋደዳል። የምድጃህን መለኪያ አትመነው፣ በርካሽ ናሙና ፈትሽ።

ሰም_አፍሳሽ
ረቡዕ፣ ማታ 3:10

ላብ ላብ ሲል የሚለውን ወደድኩት። እኛ «ሊስቅ ነው» እንላለን።

የፒያሳው_ነሐስ
ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ቀን 10:00

ተመልሻለሁ። ሦስት ምድጃ ሙሉ አቃጠልኩ። አንዱ መሐል ላይ መብራት ሄዶ ተበላሸ፣ እሱን አልቆጥረውም።

ድብልቁ፣ 75 ለ25፦ ንጣፉ በጣም አማረ፣ ሊጥ አልሆነም። ከምድጃ በፊት 66 በመቶ ነበር፣ ሲወጣ 84። የተኮማተረው 8 በመቶ እንኳን አይሞላም፣ የፈለግኩት ልክ ነው የወጣው። ግን አፍልቼ ስመዝነው አሁንም ውሃ ጠጥቷል። አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ የመጀመሪያዎቹ ንጣፎች ላይ ደቃቁ በዝቶ፣ ከላይ ሸካራ ሆኗል። ዱቄት መያዣው ውስጥ ሲቆይ ተለያይቷል፣ ልክ እንደ ጤፉ። ስንጥቅ አልነበረም።

20 ማይክሮኑ፦ ማተሙ መከራ ነበር። ሮለሩ በዝግታ ካልሄደ ንጣፉ ይቀደዳል፣ አንድ መስቀል ሰባት ሰዓት ወሰደብኝ። ከምድጃ በፊት 54 በመቶ ብቻ። 840 ላይ አራት ሰዓት አቆየሁት፣ 845ቱን ፈርቼ። ሲወጣ ደንግጬ ነበር፣ አንሶ አንሶ የአሻንጉሊት መስሎ። 17 በመቶ ነው የተኮማተረው። ደረቁ 13.90፣ እርጥቡ 13.91። ሁለቴ መዘንኩት፣ የወርቅ ቤቱ ልጅ ሦስተኛ መዘነልኝ። 94 በመቶ። አልጠጣም!

እና እንዲህ ወሰንኩ፦ መስቀል በ20፣ ስዕሉን በ1.2 እጥፍ አሳድጌ። ድብልቁን ደግሞ አልጣልኩትም። አንድ ሰው የድሮ ልብስ ስፌት መኪና ጥርስ እንድሠራለት አምጥቶልኝ ነበር፤ እሱ ዘይት ይጠጣል፣ ልኬቱ ግን መሳት የለበትም። ለእሱ ድብልቁ ልክ ሆነ። ብሮንዚና ያልሽውን ሳነብ ነው የመጣልኝ።

ቅብ የሚሠራውን ሰውዬ ይቅርታ ጠየቅኩት። «ስፖንጁን ይዘህ መጣህ?» አለኝ። አዲሱን ሰጠሁት፣ ጥፍሩ ላይ አንኳኳው፣ ጆሮው ጋ አስጠግቶ ሰማው፣ ምንም ሳይል ገንዳው ውስጥ ከተተው።

ከዚያ በኋላ መስቀሉን ነጭ ሶፍት ላይ አስቀምጬ መስኮቴ ጋ ተውኩት። ዛሬ አሥረኛ ቀኑ ነው፣ ሶፍቱ ነጭ ነው። ያቺን እናት ልደውልላት አስቤ ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩት። እስከ ሁለት ሳምንት ልጠብቅ።

ባለምድጃዋ
እሑድ፣ ማታ 1:20

ጠብቅ። ከመደወልህ በፊትም አንድ ናሙና ቆርጠህ እንደገና በአጉሊ መነጽር እየው፣ በተለይ ክንዶቹ ሥር። ኤን 95 ገዛህ?

የፒያሳው_ነሐስ
እሑድ፣ ማታ 1:24

ገዝቻለሁ። ስካርፉ ግን አንገቴ ላይ አለ።